ከሸለቆው የዘገየ ደብዳቤ

ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ
ጃንዋሪ 13 ቀን 2008

ለጋሼ አክሊሉ፣

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ስሜን ፖስታው ጀርባ ላይ ሲያዩ ምን እንደሚሰማዎት አላውቅም። የበየነ ሚስት ዓለምጸሐይ ነኝ። እንዴት ከርመዋል? ጆሮዎ ጭራሽ እንደተዘጋ ሰምቻለሁ፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው። አድራሻዎን የሰጠችኝ ባለፈው በጋ ርዩካን ሆቴል ውስጥ ስትሠራ የነበረች አንዲት የማኅበራችን ሴት ናት። ብቻዎን እንደሚኖሩም፣ ገበያ ላይ አግኝታዎት ሻንጣዋን ይዘው እንደሸኟትም ነግራኛለች።

አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ልጄን አዝዬ ከዚያ ሸለቆ ስወጣ፣ ኦስሎ እንደደረስኩ እጽፋለሁ ብዬዎት ነበር። አልጻፍኩም። ለሙት ዓመቱ እርስዎ የጻፉልኝንም አልመለስኩም። ክፋት አልነበረም፤ የቦታውን ስም በእጄ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለእርስዎ እንዲያ ብዬ መጻፉ ዋጋ የለውም። እኔ ሥራ አላጣሁም። ቢየርቪካ በተሠሩት አዳዲስ ቢሮዎች ጽዳት ላይ ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ችግሩ ኤልልታ ናት። ሲያውቋት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ነበረች፤ አሁን አሥራ ስምንት ሆናለች። የቪደረጎንደ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ዘንድሮ ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ከአልጋዋ መነሳት አቆመች። በመጀመሪያ ስንፍና መሰለኝና ጮኽኩባት። ቀጥሎ ፍቅር መሰለኝ። አሁን ፀጉሯን እኔ ነኝ የማጥብላት።

የቤተሰብ ሐኪማችን ዘንድ ወሰድኳት። ኤልልታን ብቻዋን አነጋገረቻትና ከዚያ እኔን አስገባችኝ። «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» አለችኝ። ኔይ፣ የለም አልኳት። «አባቷስ?» አለችኝ። አባቷ በአደጋ ነው የሞተው፣ ወደብ ላይ በረዶ አንሸራቶት ሐይቅ ገብቶ ነው አልኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ያንኑ ጠየቀችኝ። አስቢበት አለችኝ።

አሰብኩበት። ያን ጊዜ እኔ ሕፃን ይዤ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለው እርስዎ ነበሩ። እባክዎን ጋሼ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት በየነ እንዴት ነበር? ምን ይናገር ነበር? ለልጅቷ ሕክምና ነውና የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ዓለምጸሐይ


ርዩካን
ጃንዋሪ 29 ቀን 2008

እህቴ ዓለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ጽሕፈትሽ አልተለወጠም። አንቱ ብለሽ መጻፍሽ ግን ከፋኝ። ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ግቢ ውስጥ ስምንት ዓመት «አንተ ጋሼ አክሊሉ» ስትዪኝ ኖረሻል፤ እዚህም ስንመጣ ያው ነበር። አሁን በስልሳ ሰባት ዓመቴ ላይ አክብሮት ብትጨምሪብኝ ምን ያደርግልኛል?

ስለ ልጅቷ አዘንኩ። ያቺ ሣቂታ። እግዜር ይማርልሽ። ሐኪሞች ብዙ ይጠይቃሉ፤ ሥራቸው ነው። እኔንም ለጆሮዬ ስሄድ አያቴ በምን እንደሞተ ይጠይቁኛል።

እዚህ ያው ነው። ፀሐይዋ ከሄደች አራት ወር ሆኗታል፤ ተራራው ላይኛው ጫፍ ላይ ስታበራ እናያታለን፣ ወደ እኛ ግን አትወርድም። ታስታውሺዋለሽ። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ገበሬ ብቻ ነበር የሚኖረው አሉ። ፏፏቴውን ለመብራት ኃይል ሲገድቡት፣ ፋብሪካው ሲተከል፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ ፉርጎ ጭነው ሐይቁን የሚያቋርጡት መርከቦች ሲገቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማ ሆነ። የአለቆቹን ቤት ፀሐይ ቶሎ የምታገኘው ዳገት ላይ ሠሩት፤ የሠራተኛውን ታች። እኔ አሁን የምኖረው ከታቾቹ በአንዱ ነው። ለሠራተኛው ደግሞ ፀሐይ አይቶ እንዲመለስ ብለው በገመድ ተራራ የሚወጣ ሳጥን ሠሩለት። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። እኔ አልወጣበትም። ወጥቶ መመለሱ ይከብደኛል።

ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ባቡሩም ከቆመ ወዲህ ሐዲዱ ዝጓል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአራት ፈረንጅ ጡረተኞች ጋር የቀሩትን ፉርጎዎች ዝገት እንፍቃለን። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ አልሰማም፤ ተስማምተን እንውላለን።

ስለ በየነ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ የማስታውሰው መልካም ብቻ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሥራ ማጣቱ ቅር ብሎት ነበር፤ ማን ቅር አይለውም? ሌላ የተለየ ነገር አላየሁበትም። ደግሞ በዚያ በመጨረሻው ሳምንት እኔ ብዙ አላገኘሁትም፤ ለጆሮዬ ኖቶደን ሆስፒታል ገብቼ እስከ ሐሙስ ቀትር እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ምን እንደተናገረ ልነግርሽ አልችልም።

ልጅቷን ፀሐይ አሙቂያት። የዓሣ ዘይት ስጫት።

ወንድምሽ
አክሊሉ


ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2008

ጋሼ አክሊሉ፣

አንተ እልሃለሁ፤ እንዳልከው።

ዘግይቼ የመለስኩት በክፋት አይደለም። ኤልልታ ሆስፒታል ናት። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው ያስተኟት። እንዴት እንደገባች በወረቀት አልጽፈውም። ጎረቤቴ ፋንታዬ ዕቃ ልትመልስ መጥታ በሩን ባታንኳኳ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሰው ቢሮ መስኮት እየወለወልኩ ነበር።

በየቀኑ እሄዳለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ብቻ አናገረችኝ። «ማማ፣ ምንም አላደረግሽኝም» አለችኝ። እሱን ስትለኝ ይበልጥ ፈራሁ።

አሁን ልጠይቅህ ነው፣ አትቆጣኝ። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እስከ ሐሙስ ቀትር ኖቶደን ሆስፒታል ነበርኩ ብለሃል። በየነ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። ለፖሊስ የሰጠኸው ቃል ቅጂ እኔ ጋ አለ፤ ከመርዶው ማግሥት የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ በሻንጣ ይዤው ነው የመጣሁት። ያኔ ቋንቋው ስላልገባኝ አላነበብኩትም ነበር። ትናንት አወጣሁትና አነበብኩት። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም አብረን ወደቡ ላይ ቆመን ሳለ እግሩን አንሸራተተውና ወደቀ፤ እጄን ብዘረጋም አልደረስኩበትም» ይላል። ከታች ፊርማህ አለ።

ጋሼ፣ ያን ጠዋት የት ነበርክ?

ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ሰላምታም አልጨምርም፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ዓለምጸሐይ


ርዩካን
ማርች 12 ቀን 2008

ዓለም፣

ዛሬ ፀሐይዋ ተመልሳለች። አደባባዩ ላይ ሕፃናቱ ጭንብል አድርገው ይጨፍራሉ፤ የሙዚቃ ጓድ አለ። በመስኮት አያቸዋለሁ፣ ድምፃቸው የለም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ነው። አራቱን ቀድጃለሁ። ይኸኛውን ሳልቀደው ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

ወደቡ ላይ አልነበርኩም። በየነ ሲሞት አጠገቡ ማንም አልነበረም። አላንሸራተተውም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ድሬዳዋ ሳለን በየነ የፉርጎ ፍሬን ሠራተኛ እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚህ ስንመጣ መርከቢቱ ላይ ፉርጎ የማሰር ሥራ ሲያገኝ ዕድሜው የተቀጠለ ነው የመሰለው። «ጋሼ፣ ባቡሩ ተከትሎኝ መጣ» ይለኝ ነበር። በሐምሌ የመርከቢቱ የመጨረሻው ጉዞ ተደረገ። ሰው ባንዲራ ይዞ ወጣ። እሱ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ኮርስ ላከው፣ ኮርሱ አለቀ፤ ደግሞ ሌላ ኮርስ። ግን ሁልጊዜ ጠዋት በፈረቃው ሰዓት በአውቶቡስ ወደቡ ድረስ ይወርድ ነበር። አንቺ ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ይመስልሽ ነበር። እኔ ያኔ ወደቡ አጠገብ ባለው የባቡር ሠራተኞች ቤት እኖር ስለነበር አየው ነበር። ገመዱን እየጠቀለለ ይፈታል። ፈትቶ ይጠቀልላል።

ፀሐይዋ ከሄደች ወዲህ መናገሩም እያነሰ መጣ። ከዚያ በኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ እኔና እሱ መርከቢቱ ፊት ተቀምጠን ሳለ፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ይህን ክረምት የማልፈው አይመስለኝም።»

«ብርዱ ነው?» አልኩት።

«ብርዱ አይደለም። መኖሩ ነው የከበደኝ።»

በግራዬ በኩል ነበር የተቀመጠው። ያኔ ቀኝ ጆሮዬ ሞቶ ነበር እንጂ ግራው ደህና ይሰማ ነበር። ዓለም፣ አጥርቼ ሰምቼዋለሁ። እጄን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁና «አልሰማሁህም፣ ነፋሱ ነው» አልኩት። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፊቴን ትንሽ አየና ሣቀ። «ሲጋራ ይዘሃል ወይ ነው ያልኩህ» አለኝ። ሰጠሁት። አብረን አጨስን። ከዚያ ወዲያ ያን ነገር አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገባሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴን ስከፍት ከበሩ ሥር አንድ ፖስታ አገኘሁ። «ለዓለምጸሐይ» ይላል። በእሱ ጽሕፈት። ወደ ወደቡ ሮጥኩ። ካፖርቱ ታጥፎ ተቀምጧል። የቀረውን አልነግርሽም።

ፖሊስ ሲመጣ ፖስታው ኪሴ ውስጥ ነበር። «ምን ሆነ?» ሲሉኝ አፌ ያን ቃል አወጣ። አስቤበት አልነበረም። ሌሊቱን ግን አሰብኩበት፣ ልክ ነው አልኩም። ቄሱን ከስቶክሆልም ልናስመጣ ነበር፤ እውነቱን ቢያውቅ ፍትሐት አይፈታለትም ብዬ ነው። ሰው ይናገርብሻል ብዬ ነው። ልጅቷ በዚህ ስም ታድጋለች ብዬ ነው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ከእነዚህ ሁሉ በታች ያለው ሌላ ነው፤ ደብዳቤው ከወጣ «ለማንም አልነገረም ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ነግሮ ነበር። ለእኔ ነግሮኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ እሰጣታለሁ አልኩ። ከአርባው በኋላ አንቺ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ሄድሽ። ለሙት ዓመቱ ስጽፍልሽ አብሬ ልልከው ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት የሚቀጥለውን ከባድ አደረገው።

ይኸው ልኬዋለሁ። የተከፈተ ነው፤ አንብቤዋለሁ። እሱም ሌላ በደል ነው። ለሐኪሟ አሳዪያት። ስለ እኔ የፈለግሽውን ንገሪያት።

አክሊሉ


ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ
አፕሪል 20 ቀን 2008

ለአቶ አክሊሉ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል።

የእርስዎን ቤት ነው ያነበብኩት። የእሱን ግን ቤት ውስጥ ልከፍተው አልቻልኩም። ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩና ልብስ በምንቀይርባት ክፍል ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ አነበብኩት። ውጭ አዲሱ ኦፔራ ቤት ሊመረቅ ስለነበር የሚጮኸው ሙዚቃ ሁሉ ይሰማ ነበር። አንድ ገጽ ናት። የኤልልታ ሳል መድኃኒት ሦስት ቀን እንደቀረው ይናገራል። የቤት ኪራዩን ውል የት እንዳስቀመጠው ይናገራል። ደክሞኛል ይላል። ከዚያ «በአንቺ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ያልሽኝን ረስቼዋለሁ፣ አንቺም እርሺው» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ያልሽኝ የሚለው ምን እንደሆነ እርስዎ አያውቁም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ልጅቷ ሌሊቱን ስትስል አድራ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሱ መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል። «ሥራ የሌለው ወንድ ቤት ውስጥ ሲገተር ያስጠላል፣ ውጣልኝ» አልኩት። ወጣ። ደጋግሞ ያየው ልጅቷን ነበር፤ ጫማውን እያሰረ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያስወጣሁት ስል ኖርኩ። ባላስወጣው ኖሮ በረዶው አያገኘውም ነበር እያልኩ። ሌላ ሰው ያላገባሁት ለዚህ ነው። ልጄ ላይ ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው። እሱ ግን ሳይሞት በፊት ይቅር ብሎኝ፣ ጽፎልኝ ነበር። ያቺ መስመር እርስዎ እጅ ነበረች። ያዘኑልኝ መስሎዎት ሐዘኔን ቀሙኝ ልልዎት ነበር፤ ግን ማዘን እንዳልነበረ ራስዎ ጽፈውልኛል።

ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ። ሕክምናዋን ለወጡት። ኤልልታ ራሷ ደብዳቤውን ካልሰማሁ አለች። ሐኪሟ ተይ አላለችም፤ እሷም ባለችበት አነበብኩላት። ኤልልታ አማርኛው ሁሉ አይገባትም። «ደክሞኛል» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። በኖርዌይኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ያ» አለችኝ፣ «እሱ ነው። ማንም አልገባውም ነበር።» ከዚያ አለቀሰች። ከጥቅምት ወዲህ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሐኪሟ ጥሩ ነው አለችኝ። እኔ እንጃ።

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ ልከውልኛል። አልከፈትኳቸውም። ልምጣ ብለው ከሆነ አይምጡ። እኔ ጥሩ ሰው አይደለሁም፤ ይቅር ለማለት ስሜት የለኝም። ሲኖረኝ እጽፍልዎታለሁ፤ ላይኖረኝም ይችላል።

ዓለምጸሐይ


ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ
ጁን 22 ቀን 2008

ለአቶ አክሊሉ፣

ኤልልታ ከሆስፒታል ከወጣች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ርዩካን እሄዳለሁ ብላለች። አባቴ የሞተበትን ቦታ አያለሁ፣ ሰውየውንም አያለሁ ነው የምትለው። እምቢ ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን ብቻዋን ካልሆነች ትሂድ አለች። እኔ እግሬን እዚያ አላነሳም። ስለዚህ አደራው ለእርስዎ ነው፤ ሌላ ሰው ቢኖረኝ ለእርስዎ አልሰጥም ነበር።

ጁላይ 4 ቀን በአውቶቡስ ትደርሳለች። ሦስት ቀን ትቆያለች። ክኒኗን ከእራት በኋላ ነው የምትወስደው፤ ስትውጠው ይዩ። ወደ ውኃው ብቻዋን አትሂድ። ከተናገረች ያድምጡ። መስማት ካልቻሉ ያጽፏት።

ዓለምጸሐይ


ርዩካን
ጁላይ 9 ቀን 2008

ለዓለምጸሐይ፣

ልጅሽ ደህና ገብታልሻለች፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ መልእክት ልካልኛለች። የሆነውን ግን እኔም በበኩሌ ልንገርሽ፤ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር።

ቁመቷ የእሱ ነው። ከአውቶቡሱ ስትወርድ እጄን ጨበጠችኝ፣ አልሳመችኝም። ገና በሩ ላይ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣችና «እዚህ ላይ እንነጋገራለን» ብላ በኖርዌይኛ ጻፈች። ሦስቱን ቀን እንዲያ ነው ያወራነው፤ እሷም ትጽፋለች፣ እኔም እጽፋለሁ። ወጥ ሠርቼላት ነበር፤ ትንሽ በላች። ክኒኗን ስትውጥ አይቻለሁ፣ ሦስቱንም ቀን።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ወረድን። መርከቢቱ አሁንም ታስራ ቆማለች። የት ጋ እንደነበር ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ እኔ ጠጋ ብዬ የጃኬቷን እጅጌ ያዝኩት። ልትቆጣኝ ዞረች፤ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አልሰማሁህም ስትለው አመነህ?» ብላ ጻፈች።

«አላመነኝም» ብዬ ጻፍኩ።

«ብትሰማው ምን ትለው ነበር?»

«አላውቅም። አብሬው ቤት እሄድ ነበር መሰለኝ።»

አነበበችው። «እኔም ከዚያ የበለጠ አልፈልግም ነበር» ብላ ጻፈች። በአጠገባችን ሰዎች ያልፋሉ፤ ፀሐይ ነበረ፣ በጋ ነው፣ ሐይቁ ያበራል። እኔ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሰኞ ጠዋት ልትሄድ ሻንጣዋን ካዘጋጀች በኋላ ደብተሩን አወጣች። «ፖሊስ ጋ ያለው ወረቀት አሁንም አንሸራተተው ነው የሚለው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንቀይረው» አለችኝ። ምን ያደርጋል፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ሊያስሩኝም ይችላሉ ብዬ ጻፍኩላት። «ከታሰርክ እጠይቅሃለሁ» ብላ ጻፈች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም።

ሄድን። የምታነጋግረን ፖሊስ ወጣት ሴት ናት፤ በየነ ሲሞት እሷም ሕፃን ሳትሆን አትቀርም። ኤልልታ ነገረቻት። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብታ ቆየችና ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ጥያቄዎቹን ኤልልታ ደብተሩ ላይ ትጽፍልኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ ታነብላታለች። ወደቡ ላይ ነበርክ? አልነበርኩም። ሲወድቅ አይተሃል? አላየሁም። ታዲያ ለምን እንዲያ አልክ? «ፈርቼ» ብዬ ጻፍኩ። ኤልልታ ያንንም ሳትቆም አነበበችላት። ሁሉ ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሴትዮዋ በጊዜው ብዛት የሚከተል ክስ እንደማይኖር ነገረችንና እንድፈርም ሰጠችኝ። ፈረምኩ።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ሳያስጽፉኝ አለፉ። ሴትዮዋ ጠየቀች፤ ኤልልታ ደብተሩን ሳታነሳ ራሷ መለሰች። ከንፈሯን ማየት አልደረስኩበትም። ምን ጠየቀችሽ አላልኳትም። አውቶቡሱ ሊደርስ ነበር። ጣቢያው ላይ ግን እንደ አመጣጧ እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

ቅጂውን ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ለአንቺም አንድ ግልባጭ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ከድሮው ጋር እንዳይደባለቅብሽ። ሟቹ በገዛ ፈቃዱ እንደሞተ፣ ደብዳቤ እንደተወ፣ ደብዳቤውን የደበቀው እኔ እንደሆንኩ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ቃል ሰጪው ለሟች ልጅ ምኗ ነው የሚል ጥያቄ አለ። ከጎኑ የተጻፈው «አጎቷ» የሚል ነው።

የሥጋ ዝምድና የለንምና ስህተት መሆኑን ለፖሊሶቹ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አንቺ ካልሽኝ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።

አክሊሉ